እሬት አይደለም

አካለ ወልድን ቢቸና ውስጥ የሚወደው ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ጎረቤቱ ስለነበርሁ ነው። በአንድ አጥር ተዋስነን ብዙ ዘመን ኖረናል፤ ከሰላምታው ይልቅ ስድቡን ነው የለመድሁት። አንቱ መባል ይወድ ነበር። እኔ ግን በጎረቤትነቴ አንተ እያልሁ እቀጥላለሁ፤ ቢሰማኝ ኖሮ በአጥሩ ላይ ድንጋይ ይልክብኝ ነበር።

ሥራው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ነበር። ለመምህር ጠመኔ ሲሰጥ ከገዛ ድዱ ጥርስ የሚነቅሉበት ይመስል ነበር። መምህራኑ ሁሉ አይወዱትም፤ ሚስተር ሮይ የሚባል ሳይንስ አስተማሪ አሜሪካዊ ብቻ ይቀርበው ነበር። ሚስተር ሮይ አማርኛው ደካማ ስለነበር የአካለ ወልድን ቁጣ ጨዋታ አድርጎት ይሆናል። አካለ ወልድ ግን በዚህ ወዳጅነት ኮርቶ፣ ከተማውን ሙሉ ከበላዩ ሆኖ ማየት ጀመረ።

አብዮቱ መጥቶ ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ሲሸክፉ ሚስተር ሮይ ለወዳጁ አንድ ፖስታ ዘር ሰጠው። እናቱ ካገሩ የላከችለት ነው። ተክሉ አጋቬ ይባላል፣ የቃጫ ዘመድ ነው፣ ቃጫ በብርድ ሲሞት እሱ ግን አይሞትም፣ በነሱ አገር በረዶ ተከምሮበት ይከርማል አለው። እኔ ይህን ስሰማ "ምነው ስንዴ ቢሰጥህ?" አልሁት። ለዚች ቃል ብቻ አኩርፎኝ ከረመ። ገመድ የማይወጣው፣ የማይበላ፣ ከብት የማይሰማራበት ተክል ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ለሱ መሃይምነት ነበር።

ዘሩ ጥቁርና ጠፍጣፋ ነው፤ የሽንኩርት ዘር ይመስላል፣ ግን ሰፋ ይላል። አካለ ወልድ የቲማቲም ጣሳ ሰብስቦ ሥራቸውን በሚስማር በሳሳ። የወንዝ አሸዋ አመጣ፤ መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱትን ገረጋንቲ በወንፊት ነፍቶ ቀላቀለበት። ዘሩን ላይ ላዩን በተነና ለስሙ ያህል አሸዋ ነሰነሰበት። በተሰበረ የመስኮት መስታወት ከደነው። ሙቀት ይወዳል ብሎም ጣሳዎቹን ማድ ቤት ምድጃው ጥግ ደረደራቸው። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ወጥ ልታማስል በሄደች ቁጥር ጣሳዎቹን እየተሻገረች ነበር የምታልፈው። አንዷን ብትነካበት ጩኸቱ እኔ ቤት ይሰማል።

በቀለ። ቀጥ ብሎ፣ የዘሩን ቅርፊት አናቱ ላይ እንደ ቆብ ደፍቶ ብቅ አለ። አካለ ወልድ ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጣው ጀመር። ቡቃያው አንገቱ ላይ እየበሰበሰ ተኛ። አንዲት ጠመኔ የሚሰስት ሰው ውሃ ላይ እጁን መያዝ አቅቶት ግማሹን ዘር በገዛ እጁ ፈጀው። ጥፋቱን በወለተ ኢየሱስ አላከከ፤ በእንፋሎትሽ ነው የገደልሽው አላት። ምስኪኗ ሴትዮ ወጥዋን ያለ እንፋሎት እንዴት እንደምትሠራ ሳይነግራት ቀረ።

በሁለተኛው ዙር ስስቱን ወደ ውሃው አዞረው። አሸዋው ነጭ ሆኖ ካልደረቀ ጠብ አያደርግም። ይኸኛው ጸና። በዓመቱ መዳፍ አከለ፤ ግራጫ፣ ቅጠሉ ወፍራምና አጭር፣ ዳርና ዳሩ ባለ ጥርስ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ። ቆንጆ ነበር ብል ይቅር አይለኝም፤ ምክንያቱም በሕይወቱ አንድም ቀን ይህን አልነገርሁትም። ቆንጆ ነበር።

አሁን ችግሩ ክረምታችን ሆነ። ተክሉ ብርዱን ይችላል፣ ጭቃ ውስጥ መቆም ግን አይችልም። ስለዚህ አካለ ወልድ የሚስቱን የጎመን መደብ አፈረሰና ድንጋይና ገረጋንቲ እየከመረ፣ ውሃ እንዳያቁር ከፍ ከፍ ያሉ ረጃጅም ጉብታዎች ሠራ። የጠዋት ፀሐይ እንድታገኛቸው ሁሉንም ወደ ምሥራቅ አጋደማቸው። ውሃው ቁልቁል እንዲወርድም በያንዳንዱ ጉብታ ላይኛው ጫፍ አንዳንድ አጋቬ ተከለ። ስለ ውሃው አሰበ፣ ስለ ፀሐዩ አሰበ፣ ስለ ሰው ዓይን ግን አላሰበም።

ወደ ምሥራቅ የተጋደመ የድንጋይ ክምር፣ ራስጌው ላይ ወፍራም እሾሃማ ቅጠል። ይህ ምን እንደሆነ በኛ አገር የሚጠይቅ የለም። እኛም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የሞጣ ሙስሊሞችም በመካነ መቃብራቸው እሬት የምንተክለው ለሟች ነው። አካለ ወልድ ጓሮውን ዘመድ የሞላበት መካነ መቃብር አስመሰለው።

በገበያ ቀን ጤፉን ጭኖ የሚያልፈው ባላገር ካጥሩ ጥግ ሲደርስ ቆቡን ያወልቃል፣ ያማትባል፣ "ነፍስ ይማር" ይላል። አካለ ወልድ ይህን ሲሰማ እንደ ተነካ ንብ ይወጣል።

"እሬት አይደለም! መቃብር አይደለም! አጋቬ ነው!" ይጮኻል።

"አጋቤ ናቸው ያረፉት?" ይላል ባላገሩ በሐዘን። "አላወቅናቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማር።"

እኔ በአጥሩ በኩል ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ከተማው ሁሉ ይስቃል። ቢቸና ሰው ሲወድቅ ለመሳቅ እንጂ ሰው ሲነሳ ለማየት ጊዜ ኖሮት አያውቅም። ሚስቱ ደግሞ አንገቷን ደፍታ "መቃብር ውስጥ አሳደርከኝ እኮ" ትለዋለች። እሱ እቴ! የሚሞቱት እነሱ ናቸው፣ ተክሉ አይሞትም እያለ በትንሽ ትንሽ ድንጋይ ጉብታውን ያስተካክላል። የተማጠነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በትክክለኛ ስሙ እንዲጠሩለት። አንድም ሰው አልጠራለትም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ወልደ ኪዳን ይባል ነበር። ቅኔ ቤት ገብቶ ከጉባኤ ቃና ሳያልፍ ጥሎ የወጣ ሰው ነው፤ ሁለት ቤት የምትሞላውን ትንሿን ቅኔ እንኳ ሳይቆጥር ማለት ነው። አብዮቱ ባይመጣለት ኖሮ የሰው ደጃፍ ሲጠና ይሞት ነበር። ከቅኔ ቤት ይዞት የወጣው ጥርጣሬውን ብቻ ነው። ማንም ምንም ቢናገር ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል። "ዝናብ ቀረ" ካልህ መንግሥትን ተናገርህ ነው። "በግ ተወደደ" ካልህ በጉ ማነው ይልሃል። ሰው በሱ ምክንያት ስለ አየር እንኳ ማውራት ተወ።

አንድ ታኅሣሥ ውርጭ መታን። የሰው ባቄላ ባንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ፤ የአካለ ወልድ አጋቬ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚህ ወዲያ ማን ይቻለው! መንገድ መሐል ቆሞ፣ "ውርጭን የፈራ ይፍራ! የኔ ጓሮ አይበገርም!" እያለ ደነፋ። ሳይውል ሳያድር ቀበሌ ተጠራ።

"ውርጭ ያልኸው ማንን ነው?" አለው ወልደ ኪዳን። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ ነበር የሚለው።

"ውርጭን ነዋ። ባቄላ የመታው።"

"እሱ ሰሙ ነው። የጠየቅሁህ ወርቁን ነው።"

"ወርቅ የለኝም ጓድ። የሚስቴም ማተብ ላይ ያለው ብር ነው።"

ይህን ያለው ሊያሾፍ አይደለም። አካለ ወልድ ቅኔ አይገባውም፤ በቃሉ ላይ ካለው በቀር ሌላ ነገር መናገር አያውቅም፤ ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደ ተፈጠረ እንጃ። ወልደ ኪዳን ግን ተሰደበ መስሎት ቀበሌው እስር ቤት ወረወረው። ወለተ ኢየሱስ ዋስ ለምና እስክታስወጣው ድረስ ቁንጫ በላው። ወጥቶም የተቆጣው ስለ መታሰሩ አይደለም፤ በክሱ ላይ "የአድኃሪ እሬት" ተብሎ መጻፉ ነው ያበገነው።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ፤ ሰባ ዓመተ ምሕረት። የሳቁ ነገር አበቃ።

ይርጋነሽ ገበያ ላይ ጌሾ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ልጅ ነበራት፣ ደምለው የሚባል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። በጥር ወር ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ወሰዱት። ከዚያ ከቢቸና ወጣ ብሎ ተኩስ ተሰማ። ሬሳ አልሰጧትም፣ የት እንደ ጣሉትም አልነገሯትም። ወልደ ኪዳን በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ "ለፀረ ሕዝብ እንባ የሚያፈስ እሱም ፀረ ሕዝብ ነው" ብሎ አወጀ። አሁን ሳስበው እንኳ ደሜ ይፈላል። ጥቁር የለበሰች እናት አስወለቁ። ደረት የመታች አሰሩ። ይርጋነሽ በነጋታው እንደ ወትሮዋ ጌሾዋን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ገዢው ሁሉ ዓይኗን ላለማየት ጌሾውን እያየ ይገዛል።

ድንኳን የለ፣ ተዝካር የለ፣ መቃብር የለ። ቤቷ ውስጥ እንዳታለቅስ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዳትሄድ እዚያም የሚያዳምጥ አለ። ይህች ሴት የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇን የምታለቅስበት አንድ ቦታ።

ሚያዝያ ላይ ይመስለኛል፣ የአካለ ወልድን አጥር ከፍታ ገባች። እኔ በወዲህ በኩል እንጨት እፈልጥ ነበር፤ መጥረቢያዬን አሳረፍሁ።

"ጋሽ አካለ ወልድ፣ እዚህ ያሉት እነማን ናቸው?" አለችው።

"ማንም የለም! ስንቴ ነው የምናገረው? መቃብር አይደለም። እሬትም አይደለም። አጋቬ ነው!"

"ከሥሩ ማንም የለም?"

"የለም አልሁሽ!"

"እንግዲያው ማንም ካልተኛበት ለልጄ ይስጡኝ።"

  አሁን ይሰድባታል፣ አሁን በዱላ ያባርራታል እያልሁ ጠበቅሁ። አካለ ወልድ ግን፣ "ያችን የዳሯን ውሰጂ" አላት። ቀጥሎም፣ "ግን ሥሯ ላይ እንዳታለቅሺ። እርጥበት ይገድላታል" አለ።

ለልጇ መቃብር ለለመነች እናት እንዲህ ይባላል? በሰማሁ ጊዜ አጥሩን ዘልዬ ላንቀው ነበር። ይርጋነሽ ግን እሺ አለችው። ነጠላዋን አገጯ ሥር ዘርግታ፣ እንባዋን እያጠራቀመች፣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ማለት ልማዷ ሆነ። አካለ ወልድ የሚናገራት ነገር የለም። እሷ ስትገባ ፊቱን ወደ ሌላው ጉብታ ያዞራል።

ከተማችን ወሬ ይዛ ማደር አትችልም። አካለ ወልድ ጓሮ ሬሳ ተቀብሯል ተባለ፤ ካንድም ሁለት ሦስት ነው ተባለ፤ ሌሊት ሲቀበር ያየሁ ነኝ የሚልም አልታጣ። ያየ ነኝ ባዩ ሌሊት ከደጁ ወጥቶ የማያውቅ ፈሪ ነበር። ወልደ ኪዳን አካፋ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ከች አለ። ይርጋነሽ ያኔ ጉብታዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ መደበቂያ ጊዜ አላገኘችም። ሰፈርተኛው አጥሩን ከቦ ቆመ።

"ጓድ አካለ ወልድ! እዚህ ማንን ቀብረሃል?"

"ማንንም።"

"ታዲያ ይህች ሴት የምታለቅሰው ለማን ነው?"

ጥያቄው ይኸው ነበር። እውነቱ ከተነገረ ይርጋነሽ ልጇ ወደ ሄደበት ትሄዳለች። አላውቃትም ቢል ተክሉንም ራሱንም ያድናል። ያ ደረቅ ሰው፣ ካፉ ሐሰት ወጥቶ የማያውቀው፣ ቅኔ ምን እንደሆነ የማያውቀው ሰው፣ ሊቀ መንበሩን ትክ ብሎ አየው።

"ዓይኗን ታማ ነው" አለ። "እሬት እያደረግሁላት ነው። የሚያስለቅሳት እሬቱ ነው።"

እሬት! አካለ ወልድ ካፉ እሬት የሚል ቃል ወጣ። እዚያ ከቆምነው መካከል የሰማውን ያመነ አልነበረም።

ወልደ ኪዳን ሳቀ። "እስከ ዛሬ እሬት አይደለም እያልህ አገር ስትበጠብጥ አልነበር?"

"መድኃኒት መሆኑ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው። መድኃኒት አዋቂ ያለውን ይናገራል?"

ይህ አነጋገር ያስኬዳል፤ በኛ አገር መድኃኒት አዋቂ የቅጠሉን ስም ለሚስቱ እንኳ አይነግርም። ወልደ ኪዳን ጥቂት አሰበና፣ "እንግዲያው በራስህ ዓይን አድርገህ አሳየን" አለው።

እሬት ዓይን ቢገባ ያቃጥላል፣ ያስነባል፣ በዚያው ያልፋል። አጋቬ ግን እሬት አይደለም። አንድ ጊዜ የታችኛውን ቅጠል ሲቆርጥ ውሃው ክንዱ ላይ ፈሶ ቆዳውን አሳብጦ ልጦት ነበር። ያን ጊዜ ክንዱን በአጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ "ተመልከት! እሬት እንዲህ ያደርጋል?" ብሎ በኩራት አሳይቶኛል። እና ያውቃል። ምን እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ በቢቸና አልነበረም።

ቢላዋውን አነሳ። አንድ ወፍራም ቅጠል ቆረጠ። አንገቱን ቀና አድርጎ በግራ ዓይኑ ላይ ጨመቀው። አልጮኸም። ድንጋዩን ተደገፈ። እንባው እስከ ጢሙ ወረደ።

"ያቃጥላል" አለ፣ "ግን ያድናል።"

ወልደ ኪዳን ከት ብሎ ሳቀ። "ፀረ አብዮት መስሎን ደክመን ለካስ ጠንቋይ ኖሯል!" አለ። አብዮት ጠባቂዎቹም ሳቁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ አጥሩ ዙሪያ የቆመውም ሰው አብሮ ሳቀ። ሊቀ መንበር ሲስቅ የማይስቅ ማን አለ? አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ሄዱ።

ወለተ ኢየሱስ ዓይኑን በወተት አጠበችው፣ በውሃ አጠበችው፣ ምንም አልረዳውም። አበጠ፤ እብጠቱ ሲጎድል ብሌኑ እንደ እርጎ ነጥቶ ቀረ። ሐኪም ቤት ቢሄድ ምን አስገባህበት መባሉ አይቀርም፤ ነገሩ ሊወጣ ነው። ስለዚህ አልሄደም። ሰፈሩ ደግሞ "አባ እሬት" የሚል ስም አወጣለት።

ይርጋነሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግማ አልመጣችም። በምን ፊቷ ትምጣ? አንድ ገበያ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ዓይኗ የታመመ ሴት መድኃኒቷን ካቆመች ወልደ ኪዳን ምነው ማለቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ድናለች እንዳይባል ዓይኗ መች ደረቀ? ገበያ ላይ ያያት ሁሉ ያውቃል።

አካለ ወልድ በሦስተኛው ገበያ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ፣ ዱላውን ይዞ ጌሾ ተራ ደረሰ። ሰው ፍለጋ ከቤቱ ሲወጣ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለስድብ በሚያወጣው በዚያ ድምፁ ጮኸ፦

"አንቺ ይርጋነሽ! መድኃኒት ይቋረጣል እንዴ? ተነሺ!"

ይርጋነሽ ጨርቁን አየች።  "ጋሼ፣ በኔ የተነሳ እኮ…"

ጎንበስ አለላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሳታለቅሺ ከቀረሽ ዓይኔን ለምን ሰጠሁ?" አላት። ከዚያ ቀና ብሎ እንደገና ጮኸ፦ "ተነሺ እንጂ!"

ጌሾዋን ለጎረቤቷ ሻጭ ትታ ተነሳች። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሐል እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ጓሮው ገብታ ከጉብታዋ አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋን እንደ ልማዷ አገጯ ሥር ልትዘረጋ ብላ ተወችው። አፏን ከፈተችና በሙሉ ድምፅዋ፣ ገበያው ድረስ በሚሰማ ድምፅ አለቀሰች።

"ዓይኔ! ዓይኔን! ወይ ዓይኔ! ዓይኔን አጣሁ! የኔ ዓይን፣ የኔ ዓይን!"

እናት ልጇን ምን ብላ እንደምትጠራ የማያውቅ ማን አለ? አጥሩ ሥር ያለፉት ሴቶች ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። አንዳቸውም አልሳቁም። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ነበሩበት፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ።

በዚያው ሰዓት ወልደ ኪዳን ወደ ስብሰባ ሲያልፍ ደረሰ። ቆሞ አዳመጠ። አለቀላት አልሁ። ለዓመታት በሰው አፍ ውስጥ ወርቅ ሲቆፍር የኖረ ሰው፣ ወርቁ ፊቱ ላይ ተዘርግፎለት፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ቆመ።

"ዛሬስ እሬቱ በረታባት!" አለና እየሳቀ መንገዱን ቀጠለ።

ይርጋነሽ እስኪበቃት አለቀሰች። አካለ ወልድ ከአጥሩ በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ምን ሆና ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ያለ ወትሮው ሳይቆጣ፣ "ዓይኗን ነው" እያለ ይመልስለት ነበር።